አንድ ቀን የጎደለው ዕቅድ

ዕረፍት ከሥራ የበለጠ እንዲያደክም ተግተው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በየቤተሰቡ አንድ አንድ ታድለዋል፤ ሁለት ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ቤተሰብ የሚባል ነገር እስካሁን ባልቆየ ነበር። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ሌላው ሰው «ዘንድሮ እስቲ ወደ ደሴቶቹ እንሂድ» ብሎ ሲያዛጋ እነሱ እርሳስ ይቀርጻሉ። ሌላው ሰው ስለ ባሕሩ ሲያልም እነሱ ስለ ትርፍ የሻንጣ ቁልፍ ያስባሉ። ገነት በር ላይ ቢደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነና ምሳ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ነው።

ለኛ ቤት የደረሰችን ክብርት ሬይዊን ናት። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን በቁም ነገር ተቀብላዋለች ብዬ እጠረጥራለሁ። የባለቤቴ የሾና ታላቅ እህት ናት። ከባሏ ከቤቫን ጋር ማታውራ ወንዝ ዳር አራት መቶ ሰማንያ ላሞች ያልባሉ። ቤቫን ደግ ሰው ነው፤ በዓመት አርባ ቃል ያህል ይናገራል፣ ግማሹም «እሺ» ነው። ሬይዊን እያንዳንዷን ላም በቁጥሯ፣ በእናቷ ቁጥርና በጠባይዋ ታውቃታለች። መቼ እንደምትነጥፍ፣ መቼ እንደምትወልድ፣ የትኛዋ ከኋላ ሲመጡባት እንደምትራገጥ አሳምራ ታውቃለች። ችግሩ እኛንም የምታየን በዚያው ዓይን መሆኑ ነው።

ይህን ስል ማጋነን አይደለም። ወደ ራሮቶንጋ ደሴት በሄድን ጊዜ ሻንጣዎቻችን ላይ ያንጠለጠለችው እንደ ሰው ስምና አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም። ላሞች ጆሮ ላይ የሚደረገውን ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር ነው ያሰረችልን። «ወረቀት ይቀደዳል» አለች፤ «ይሄ ግን አምስት ክረምት ጭቃ ውስጥ ከርሞ ቁጥሩ አይለቅም።» እኔ 612 ሆንኩ።

«612 ማን ነበረች?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አምና የሸጥናት ናት። ሰነፍ ነበረች።»

ለማንኛውም ጥያቄ ያላት መልስ አንድ ነው፤ «ገጽ አራት ተመልከት።» ዕቅዶቿ ሁሉ ገጽ አራት አላቸው። የልጃችን የልደት በዓል ገጽ አራት ነበረው። ቤቫን ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ ቀን ገጽ አራት ነበረው። መቆንጠጫ ያላት የእንጨት ሰሌዳ አለቻት፣ ብብቷ ሥር የበቀለች ነው የምትመስለው። ሰሌዳዋን የተወቻት ሠርጓ ቀን ብቻ ነው ይባላል። ሾና ግን ያን ቀንም ሚዜዋ ይዛላት ነበር ትላለች።

ዕቅዶቿ ላይ ማብቂያ ሰዓት የሌለው ነገር የለም። ሻይ ይጀምራል፣ ሻይ ያበቃል። አንድ ገና ላይ «ስጦታ መክፈትና መደሰት፣ ከ2:30 እስከ 3:10» የሚል አንብቤ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ሲሞላ ደስታዬን እንዳቆም በዓይኗ አስታወሰችኝ።

ይህ ጉዞ ግን እንደሌሎቹ ዕቅዶቿ አልነበረም። የሾናና የሬይዊን እናት ኖሊን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጁን ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት፣ ወጥ ቤት ቆማ ሻይ ስትቀዳ ወደቀች፤ ሐኪም ሳይደርስላትም አረፈች። በሙት ዓመቷ ቀን ባሏ አሊስተር፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በሸሚዝ ብቻ ከቤት ወጡ። በኛ አገር ጁን የብርድ ወር ነው፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። ብዙ ፈልገን ያገኘናቸው ማለቢያው ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ነው። በጁን ማለቢያ ውስጥ ማንም የሚሠራው ነገር የለም፤ ላሞቹ ነጥፈው ሜዳ ላይ ናቸው፣ ማሽኑም ተፈታቶ ታጥቧል። እዚያ ምን ሊሠሩ እንደሄዱ ማናችንም አልጠየቅንም። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሳንባቸው ተመትቶ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሟ ሬይዊንን ኮሪደሩ ላይ ነጠል አድርጋ «ሌላ እንዲህ ያለ ጠዋት አይችሉትም» አለቻት። ሬይዊን እዚያው ኮሪደር ላይ ቆማ ነው ማቀድ የጀመረችው።

መፍትሔውን ያገኘችው ፀጉር ቤት ነው። አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ፣ ከራሮቶንጋ ስትመለስ የልደቷ ቀን አውሮፕላን ላይ ጠፍቶባት እንደቀረ እያማረረች ታወራለች። ሌላ ሰው ቢሆን «አይ ጉድ» ብሎ መጽሔቱን ይገልጥ ነበር። ሬይዊን ፀጉሯ በግማሽ እንደተቆረጠ ተነሥታ ሰሌዳዋን ከመኪናዋ አመጣች።

የዚያን እሑድ ምሳ በልተን ሳንጨርስ ጉባኤ ጠራችን። የበጉ አሮስቶ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። አሊስተር ለውሻቸው አጥንት ሊሰጡ ጓሮ ወጥተዋል። ሬይዊን ከጓዳ ዱባ አመጣችና መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ላሞቹ ላይ ምልክት በምታደርግበት ቀለም መስመር አሰመረችበት።

«ቀኑን እንዘለዋለን» አለች።

«የቱን ቀን?» አለች ሾና። የቱን እንደሆነ ግን ሁላችንም አውቀናል።

«ሃያ ሁለት ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከራሮቶንጋ እንነሣለን። ለአራት ሰዓት እንበርና እዚህ አገራችን ኦክላንድ እናርፋለን። ስናርፍ እኩለ ሌሊት አልፎ ግማሽ ሰዓት ሆኗል፤ ቀኑም ሃያ አራት ነው።»

«ሃያ ሦስትስ?»

«የለም።»

«እንዴት ነው የሌለው?»

«ባሕሩ ላይ ያለው የቀን መለወጫ መስመር ይውጠዋል። እዚህ ጋ» አለችና ዱባውን በቢላዋው ጫፍ ነካችው።

«ሬይ፣ ቀን እኮ የመንገድ ጉድጓድ አይደለም፣ አይዘለልም» አልኳት።

«ገጽ አራት ተመልከት።»

ገጽ አራት ላይ በረራው በየሰዓቱ ተዘርዝሯል፤ በአንድ በኩል የደሴቷ ሰዓት፣ በሌላ በኩል የኛ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ትክክል ነበር። ከዚህ የሚያናድድ ነገር የለም።

«ለአባዬ የሚነግር የለም» አለች። «ለሱ ዕረፍት ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም።»

አሊስተር እጃቸውን እያደራረቁ ገቡ። ዱባውን አዩትና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ጁን ላይ ራሮቶንጋ እንሄዳለን።»

«እነማን?»

«ሁላችንም። አንተም።»

«ላሞቹስ?»

«ይነጥፋሉ። እስከ ኦገስት ድረስ አንዷም አትወልድም።»

«ውሻውስ?»

«ገጽ ሁለት ላይ ነው።»

እኝህ ሰው በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከዚያ መሬት ውጭ አድረው አያውቁም። ጦርነት ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን ልጃቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቷት፣ ከዚያ ዱባውን፣ ከዚያ መልሰው እሷን። «እሺ» አሉ። ቤቫን የገዛ ራሱ ቃል እንደተወሰደበት ሰው ቀና አለ።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ወራት የዝግጅት ነበሩ። ስድስት ስብሰባ ተደረገ። አንዱ ስብሰባ ስለሚቀጥለው ስብሰባ ነበር። የሻንጣ ልምምድም ነበረን። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ጥጃ ማሳደጊያው ውስጥ ተሰለፍን፣ እሷም በጥጃ ሚዛን ላይ እየሰቀለች መዘነችልን። የኔ ሁለት ኪሎ ከመጠን አለፈ።

«ምንድነው የያዝከው ግሬም?»

«መጽሐፍ።»

«የምታነብበት ሰዓት የለህም።» ይህን ያለችኝ እንዳዝን አይደለም፤ ከመርሐ ግብሩ ላይ ያገኘችውን መረጃ ማካፈሏ ነበር።

ሥጋም ነበር። ከኛ አገር ሰው ወደ ራሮቶንጋ ሥጋ ሳይዝ አይሄድም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሬይዊን ሁለት ትልልቅ የማቀዝቀዣ ሳጥን ሙሉ የበረደ የበግ ሥጋና ቋሊማ በቀን በቀኑ ከፋፍላ ሸከፈች። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሚበላበት ቀንና ሰዓት፣ የሚበላው ሰው ቁጥርም ተጽፏል። እኔ ሐሙስ ማታ ሁለት ቋሊማ ነበረኝ። ሦስተኛ ብጠይቅ ምን እንደምታደርግ ለማወቅ ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም።

ቤቱን ያከራየችን ደሴቷ ላይ ሙሪ አካባቢ የምትኖር ማማ ቴሬሞአና የሚሏት ሴት ናት። ሬይዊን ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ስታናግራት ሁላችንም ቁጭ ብለን ሰማን።

«ማማ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»

«የትኛው የኔ ልጅ? በሰዓት አቅጣጫ ዞሮ የሚሄደው ነው ወይስ በተቃራኒው የሚዞረው?»

«ሁለቱም።»

«ሲመጣ ያልፋል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሌላው ካለፈ በኋላ።»

ሬይዊን ስትጽፍበት የነበረው እርሳስ ተሰበረ። «መንገድ ብንስት ማንን ነው የምንጠይቀው?» አለች።

ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ተሰማ። «አንድ መንገድ እኮ ነው ያለን፤ ደሴቷን ይዞራል። ከጠፋሽ ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ተመልሰሽ እቤትሽ ትደርሻለሽ።»

መርሐ ግብሩ ላይ ግን ለመጥፋት የተመደበ አሥር ደቂቃ ነበር። እሷ አላወጣችውም። አንድ ቀን አሥሩን ደቂቃ ለመጠቀም ስንል የተከራየነውን መኪና የዘንባባ ጥላ ሥር አቁመን ዝም ብለን ተቀመጥን። የጉዞው ምርጥ አሥር ደቂቃ ነበር ብል አላጋንንም።

ደሴቷ ላይ ያሳለፍነው ሳምንት እንደታቀደው አለፈ። ባሕሩ በተመደበለት ሰዓት ሰማያዊ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ስምንት ከአርባ «በነጻነት መዝናናት (ግዴታ ነው)» የሚል ነበረን። ሁለቱ ልጆቼ በዚያ ሰዓት አሸዋ ሲቆፍሩ፣ ሬይዊን እየዞረች በትክክል እየተዝናኑ መሆናቸውን ታረጋግጥ ነበር። እሑድ ማማ ቴሬሞአና ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። ዝማሬው ከተመደበለት ጊዜ በሃምሳ ደቂቃ አለፈ፣ ሬይዊንም ሃምሳውን ደቂቃ ከሰኞ ዋና ላይ ቀነሰች።

አሊስተር ዋና አልዋኙም። የሱፍ ካልሲያቸውን በነጠላ ጫማ አድርገው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ጠዋት ጠዋት የማማ ቴሬሞአናን ፍየል ገመድ ፈትተው አዲስ ሣር ያለበት ቦታ መልሰው ያስሯታል። የነገራቸው የለም። ሬይዊን ይህን ስታይ ወዲያው መርሐ ግብሩ ውስጥ ጨመረችው፤ «ፍየል፣ ከ12:30 እስከ 12:45»። ሳል የለባቸውም፣ ፊታቸው ቀልቷል፣ ሁለት ሳህን ይበላሉ። በየማታው አንድ ቀን በቀይ ስትሰርዝ አያታለሁ። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ያሸነፈች መሰለኝ፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንድታሸንፍ እፈልግ ነበር።

ሃያ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሰባት ሻንጣ ከነጆሮ ቁጥሩ በረንዳው ላይ ተደርድሯል፤ መነሻችን ገና ሰዓታት ይቀሩታል። የሬይዊን ስልክ ጮኸ። መልእክቱን አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንድይዝ አምናኝ አታውቅም።

አውሮፕላኑ ተበላሽቷል። መለዋወጫው ከኦክላንድ እስኪመጣ በረራው በአንድ ቀን ተራዝሟል። ነገ፣ በዚያው ሰዓት።

«ነገ ማታ ብንነሣ…» አለች ሾና፣ በጣቷ እየቆጠረች።

«ሃያ አምስት ነው የምናርፈው» አልኩ። ቀን መዝለሉ አልቀረም፤ የምንዘለው ግን ምንም ያልበደለንን ሃያ አራትን ነው።

ሬይዊን ስልክ ደወለች። ለአየር መንገዱ ደወለች፣ ለሌላ አየር መንገድ ደወለች፣ ጀልባ እንዳለ ጠየቀች። ማማ ቴሬሞአና ጀልባ መኖሩን፣ ኦክላንድ ለመድረስ ግን ዘጠኝ ቀን እንደሚፈጅ ነገረቻት። ሬይዊን ለጥቂት ጊዜ በቁም ነገር አሰበችበት። ማታ ሁሉም ሲተኛ እሷ ከሻንጣዎቹ መሀል ተቀምጣ ቀረች።

ጠዋት የሾና ድምፅ ቀሰቀሰኝ። «አባዬ አልጋው ላይ የለም!»

ያን ቀን የሮጥኩትን ሩጫ ከጉርምስናዬ ወዲህ አልሮጥኩም። ቤቫን ወደ ባሕሩ፣ ሾና ወደ መንገዱ፣ እኔና ሬይዊን ወደ ጓሮ። ሬይዊን በሌሊት ልብሷና በባዶ እግሯ ናት፤ ሰሌዳዋን ግን ይዛለች፣ ለምን እንደያዘችው የምታውቅ አልመሰለኝም። አጥሩ ጋ ስንደርስ አየናቸው። ፍየሏን እንደወትሮው አዲስ ሣር ላይ አስረዋት ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያወራሉ። ለፍየሏ አልነበረም የሚያወሩት።

«አባዬ!» አለች ሬይዊን።

ዘወር አሉ። «ምን ሆናችሁ? ምንድነው ሩጫው?»

«አልጋህ ላይ ስናጣህ…»

«ፍየሏን ማን ያዛውራት? ገጽ ሦስት ላይ ነው ያለው፣ አንቺው ነሽ የጻፍሽው።» ከዚያ ፊቷን አዩት፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ነይ እስቲ ተቀመጪ። ቀኑን አውቀዋለሁ ሬይዊን። ዱባውንም ያን ቀን አይቼዋለሁ። ሞኝ አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልክ?»

«ደክመሽ ስለነበር ነዋ። ባልመጣ አንቺ ነበርሽ የምትታመሚው።»

ሾናና ቤቫን ሮጠው ደረሱ፣ ከኋላቸው ልጆቼ። እኔ ዝምታ አልችልም፤ «ለነገሩ ማታውራ ላይ አሁን ሃያ አራት ነው» አልኩ። ሬይዊን ያየችኝን አስተያየት ላሞቿ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

«አምና ማለቢያው ውስጥ ለምን ነበር የሄድከው?» አለች። ዓመት ሙሉ ያልጠየቅነውን ነው የጠየቀችው። «ልትሞት ነው ብዬ ነበር እኮ። ቀዝቅዘህ ነበር።»

አሊስተር የፍየሏን ገመድ በጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። «ኮቴን ረስቼ ነው። ጅልነት ነው፣ አልክድም። ግን የት ልሂድ? ያን ሰሞን እቤት ውስጥ ሁላችሁም በጣታችሁ ነበር የምትረግጡት። ስኳር አቀብሉኝ ስል እንኳ ትደነግጣላችሁ። ስሟን የሚጠራ አጣሁ። እኔና እናትሽ አርባ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን አልበናል፤ የምናወራው እዚያ ነበር፣ እቤትማ እናንተ አታስወሩንም። ላወራላት ፈልጌ ነው የሄድኩት፣ ሌላ አይደለም።»

ሬይዊን ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ሰሌዳዋን አየኋት፤ ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር። ሌሊቱን ተቀምጣ አንድ መስመር መጻፍ አልቻለችም። «ለዛሬ ምንም አላቀድኩም» አለች፣ እንደ ልጅ እያለቀሰች። «ምንም የለኝም አባዬ። ይህ ቀን የለም ብዬ ነው የተውኩት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላግጬባታለሁ። ስታለቅስ አይቻት ግን አላውቅም ነበር፤ የኖሊን ቀብር ላይ እንኳ የለቀስተኛውን መኪና በተራ ስታስቆም ነበር። እወዳታለሁ፣ ሌላ ምን ይባላል። ለሰባት ሰው ሐዘን ብቻዋን መንገድ ስትፈልግለት ከርማለች፤ እኛ ደግሞ ገጽ አራት ላይ ስንስቅ።

ሰሌዳዋን ከእጇ ወሰድኩ። አልከለከለችኝም። እርሳሱን ከጆሮዋ ኋላ ሳብኩና ጭኔ ላይ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። የጻፍኩት ይህን ነው።

ከ3:00 እስከ 4:00፣ በረንዳው ላይ ስለ ኖሊን ማውራት። ሁሉም ይገኛል።
ከ4:00 እስከ 4:20፣ ማልቀስ ለሚፈልግ። ለቤቫን በፈቃዱ።
ከ4:20 ጀምሮ፣ ባሕር። አሊስተርም ይገባሉ፣ ካልሲ ያወልቃሉ።

«ካልሲ?» አሉ አሊስተር በትከሻዬ በኩል እያነበቡ።

«ግዴታ ነው» አልኳቸው።

ወረቀቱን ለሬይዊን ሰጠኋት። አፍንጫዋን በሌሊት ልብሷ እጅጌ ጠረገችና እንደ ሐኪም ማስረጃ ከላይ እስከ ታች መረመረችው።

«ምሳ የለውም» አለች። «ለሰባት ሰው ዕቅድ አውጥተህ ምሳ ረሳህ?»

«ሥጋውን እኮ ትናንት ጨርሰነዋል።»

«ማማ ቴሬሞአና ዓሣ አላት።» እሱን ጻፈችው። ከሥሩም ሰዓት ጻፈችለት፣ መጀመሪያውንም ማብቂያውንም። ሾና አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን አቀፈቻት። ቤቫን «እሺ» አለ፤ ለየትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ሬይዊን ቀይ እስክሪብቶዋን ፈለገች፤ ሻንጣ ውስጥ ነበር፣ ትንሿ ልጄ ሮጣ አመጣችላት። ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰች። «እስከ 4:00» ያልኩትን ሰረዘችው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱ እስኪበሳ። ከጎኑም «እስኪበቃን» ብላ ጻፈችና ሰሌዳዋን ሣሩ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«አባዬ» አለች፣ «አንተ ጀምር።»